በኦትራንቶ መንገድ ላይ

ሺሮኮ ሲነፍስ በደቡብ ጣሊያኗ ሌቼ ከተማ ውስጥ ደህና የሚውል ሰው የለም። ያ የደቡብ ነፋስ ከባሕር ማዶ ወበቅና አቧራ ይዞ ይመጣና የተሰጣ ልብስ እንዳይደርቅ፣ የተኛ እንዳያርፍ፣ የተቀመጠ እንዳይረጋ ያደርጋል። ኮንሲሊያ ግን ነፋስ ኖረም አልኖረም ላለፉት ሦስት ዓመታት እንደዚያው ነበረች። ቤት ስትገባ መውጣት ያምራታል፤ ስትወጣ ደግሞ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላትና ትመለሳለች። ምን እንደረሳች ግን አታውቅም።

በዚያ የነሐሴ ጠዋት ሰማያዊ ባጃጇን ናፖሊ በር ከሚባለው አሮጌ ቅስት ሥር አቁማ ጎብኚ ትጠብቅ ነበር። ከፊቷ ተራ የያዘው ሽማግሌው ባለ ባጃጅ ፓንታሌዮ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ያያታል።

«አንቺ ልጅ፣ ያን መስታወት አሁንም ታሺዋለሽ? ምን በደለሽ?»

«አንተ እኔን ከምትቆጣጠር የራስህን አታጥብም?»

«የእኔማ ከታጠበ ቀለሙም አብሮ መሄዱ ነው።»

ሳቀች። እንዲህ የሚያስቃት ፓንታሌዮ ብቻ ነበር። እሱም የሳቋን ማጠር ያውቃል።

አንዲት ሴትዮ በቅስቱ ሥር አልፋ መጣች። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሯን በሥርዓት የተሠራች፣ በዚያ ሙቀት ግራጫ ቀሚሷን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት ናት። ፓንታሌዮ ባርኔጣውን አንስቶ ብድግ ሲል አልፋው ቀጥ ብላ ወደ ኮንሲሊያ ሄደች።

«ሲኞራ፣ ተራው የእሳቸው ነው» አለች ኮንሲሊያ።

«ካንቺ ጋር ነው የምሄደው።»

«ሂጂ፣ ሂጂ» አለ ፓንታሌዮ መልሶ እየተቀመጠ። «ሽበቴን አይተው ነው። ከእኔ ጋር ቢሳፈሩ ከሁለት አንዳችን መንገድ ላይ እንቀራለን።»

ኮንሲሊያ ሞተሩን አስነሳች። ከተማዋን እንደ ልማዷ ዞረች፤ የሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን፣ ዱዎሞ የሚሉት ካቴድራል፣ የሮማውያኑ ቲያትር። ሴትዮዋ ግን ጎብኚ አትመስልም። ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪዞር ቀና ብሎ በሚያየው የሳንታ ክሮቼ ፊት ላይ ዓይኗ ደቂቃ አልቆየም። የምታየው ኮንሲሊያን ነበር፤ ኮንሲሊያ ዞር ስትል ደግሞ ዓይኗን ወደ ድንጋዩ ትወረውረዋለች።

«አግብተሻል?» አለች ሴትዮዋ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች።

«አላገባሁም ሲኞራ።»

«ለምን?»

«በዚህ ሥራ ሰው ፊቴን አያይም። ሁሉም የሚያውቀው ማጅራቴን ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «ኦትራንቶ ውሰጂኝ» አለች።

«በባጃጅ? ሲኞራ፣ ወገብዎ አይችለውም። ለኦትራንቶ እኮ አውቶቡስ አለ።»

«ወገቤን ለእኔ ተይው።»

ኮንሲሊያ ትከሻዋን ነቅንቃ የባሕሩን መንገድ ያዘች። ከከተማ መውጣቱ እሷንም ሳያሻት አልቀረም።

* * *

አሜዴዮ መጀመሪያ ወደዚህ አገር የመጣው ድንጋይ ለማከም ነበር። የሌቼ ድንጋይ እንደ ቅቤ የለዘበ ነው፤ ለመቅረጽ ይመቻል፣ ለመፍረስም እንደዚያው። የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ፊት መርገፍ ሲጀምር ከሰሜን፣ ከቱሪን፣ አዳሽ ተጠራ። የመጣው ረጅም፣ ጸጥተኛ፣ ፀጉሩ ላይ ሁልጊዜ የድንጋይ ዱቄት ያለበት ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከጣቢያ ያመጣችው ኮንሲሊያ ናት። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ቤቱ ከሥራው በእግር የሚደረስ ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አላነሱትም። ዓመት እንዲህ አለፈ። ከጠዋት ጉዞ የማታ ጉዞ፣ ከማታ ጉዞ የእሁድ ምሳ፣ ከእሁድ ምሳ ደግሞ ሌላው ሁሉ መጣ።

ከዚያ የአሜዴዮ አባት ታመሙ። «ለገና እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ገና ሊደርስ ሲል ዝም አለ። ኮንሲሊያ ብትደውል ብትደውል አይነሳም። በመጨረሻ የሰጣትን የቤቱን ቁጥር መታች። አንዲት ሴት አነሳች። እናቱ ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ «ር»ን በጉሮሮ የሚያንከባልል፣ የሰሜን ሰው ድምፅ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ «እርስዎ» እያሉ አነጋገሯት።

«ልጄ ከእኩያው ጋር ቀለበት አስሯል። ከእንግዲህ ለመደወል አይቸገሩ።»

አይቸገሩ። ስድብ ቢሆን መልስ ትሰጥበት ነበር። ለጨዋነት ግን ምን መልስ አለ? ኮንሲሊያ በዚያው ሳምንት የስልክ ቁጥሯን ቀየረች። ማንንም የማትለምን ሰው አድርጋ ነበርና እናቷ ያሳደገቻት፣ አልለመነችም።

* * *

ኦትራንቶ ሲደርሱ ነፋሱ ባሕሩን አመድ አስመስሎታል። ሴትዮዋ ጥላ ፈልጋ ካቴድራሉ ውስጥ ገባች። ኮንሲሊያም ተከተለቻት። ውስጡ ጸጥ ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዋን የሞላው የሞተርና የነፋስ ጩኸት በአንድ ጊዜ ተቆረጠ። ወለሉን ሞልቶ በጠጠር የተሠራው ትልቅ የዛፍ ሥዕል፣ ከነአውሬውና ከነነገሥታቱ፣ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቷል።

ሴትዮዋ ደክሟታል፤ ምሰሶ ተደገፈች። ዘበኛው አይቷት ወንበር ሊያመጣ ተነሳ።

«አይቸገሩ፣ ሲኞር» አለች ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኮንሲሊያ የቆመችበት ደርቃ ቀረች።

ያ «ር»። ያ ዝቅታ። ያች አንዲት ቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የሰማችው ድምፅ ከዚያ ምሰሶ ሥር ወጣ። ሴትዮዋ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«እንሂድ» አለች ኮንሲሊያ። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ስትመለስ በባሕሩ አልሄደችም። የመሃሉን መንገድ፣ በሽታ የፈጃቸው የወይራ ዛፎች ያሉበትን መንገድ ያዘች። ግራና ቀኙ ግራጫ ግንድ ብቻ ነው። ነፋሱ በደረቁ ቅርንጫፎች መሃል ያፏጫል። አንድ የድንጋይ ካብ ጎን ስትደርስ ፍሬን ያዘች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ወርዳ ፊት ለፊት ቆመች።

«እርስዎ ማነዎት?»

«ያወቅሽ መሰለኝ።»

«ከአፍዎ ልስማው።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨበጠች። «ኦታቪያ እባላለሁ። የአሜዴዮ እናት ነኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲያዩኝ የነበረው ለዚህ ነው? ምን ያህል ተራ ሰው እንደሆንኩ ሊያረጋግጡ? በቃ አዩኝ? ጠገቡ?»

«ኮንሲሊያ፣ የመጣሁት...»

«ስሜን አትጥሪ!» ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ትልቅ ሰው «አንቺ» ብላ አታውቅም ነበር። «ውረጂ።»

«እዚህ?»

«እዚህ። ውረጂልኝ!»

ወይዘሮዋ ቀስ ብለው፣ መደገፊያውን ይዘው ወረዱ። አልለመኑም። ኮንሲሊያ ሞተሩን አስነስታ፣ አቧራውን አልብሳቸው ሄደች።

ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ ግን አላላትም። ከርቀት የመንደር ደወል ማማ መታየት ሲጀምር ባጃጁን አቆመች። አንገቷን መሪው ላይ ደፋች። ከዚያ መልሳ አዞረችው።

ከርኅራኄ የተነሳ አልነበረም። ማንን እንዳገባ ሳትጠይቅ ነበር የሄደችው።

* * *

ወይዘሮ ኦታቪያ ጫማቸውን አውልቀው ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። በሥርዓት የተሠራውን ፀጉራቸውን ነፋሱ በትኖታል፤ አሁን ገና አሮጊት መሰሉ።

«ትመለሻለሽ ብዬ አይደለም የተቀመጥኩት» አሉ። «መሄጃ ስለሌለኝ ነው።»

«ሚስቱ ማን ናት?»

«ሚስት የለውም።»

«ቀለበት ያሰረላትስ?»

«እሷም የለችም። ኖራም አታውቅ።» ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። «ያን ሳምንት አባቱ ሊሞት ሆስፒታል ነበር። አሜዴዮ ከአልጋው ጎን አይነሳም፤ ስልኩ ከነጭራሹ የት እንደወደቀ አያውቅም ነበር። አንቺ ደወልሽ። ባሌን ሞት እየወሰደብኝ ነው፣ ልጄን ደግሞ ይቺ ልትወስደው ነው አልኩ። ለአንቺ ያልኩሽን አልኩሽ። ለእሱ ደግሞ፣ ደውላ ነበር፣ የአገሯን ሰው ልታገባ ነው፣ እንዳትመጣ ብላለች አልኩት።»

«አመነ?»

«ደውሎልሽ ነበር። ቁጥርሽ አልሠራም። ያኔ አመነ።»

ኮንሲሊያ ከካቡ ጫፍ ተቀመጠች። የገዛ እጇ! በኩራት የቀየረችው ቁጥር የሴትዮዋን ውሸት እውነት አድርጎላት ኖሯል።

«እና አሁን ምን ትፈልጊያለሽ ከእኔ?»

«አሜዴዮ ከግንቦት ጀምሮ ባሪ ከተማ ነው የሚሠራው።»

«ባሪ?»

«ከዚህ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ስንት የተሻለ ሥራ ትቶ ነው ይህን የያዘው። ልጠይቀው መጣሁ። ቅዳሜ ተነስቶ ወጣ፤ ተከተልኩት። ጣቢያ ሄደ። ወደ ሌቼ የሚወርደው ባቡር እስኪነሳ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ። ልሳፈር ነው ብሎ ሻንጣ እንኳን ይዞ ነበር።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ ከባሪ ወዲህ መምጣት አቃተው። እኔ ነኝ እግሩን የያዝኩት። ስለዚህ እኔ መጣሁ። ባጃጅ የምትነዳ ሴት ብዬ ጠይቄ ነው ያገኘሁሽ።»

ነፋሱ በደረቁ ዛፎች መሃል አለፈ። ኮንሲሊያ እስካሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት ምን እንደምታደርግ ብዙ ጊዜ አስባ ነበር፤ ትጮህ ነበር፣ ትስቅ ነበር፣ ትሳደብ ነበር። አሁን ግን እጇን ዘርግታ «ደውይለት» ብቻ አለች። «ለእኔ የነገርሽኝን ለእሱ ንገሪው። እኔ እየሰማሁ።»

ወይዘሮዋ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ጣታቸው እምቢ ብሎ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ከዚያ ስልኩ ተነሳ።

«አሜዴዮ... አይ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነህ? ስማኝ፣ እንዳታቋርጠኝ። ኮንሲሊያ አላገባችም። አግብታም አታውቅ። እንዳትመጣ አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት። ለእሷም አንተ ቀለበት እንዳሰርክ ነገርኳት... ኦትራንቶ መንገድ ላይ ነኝ። አዎ፣ ከጎኔ ናት። አሜዴዮ? አሜዴዮ!»

ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት።

«ዘጋው» አሉ።

መልሰው ደወሉ። ደጋግመው ደወሉ። ጥሪ እንኳን አይገባም ነበር። ኮንሲሊያ በወይዘሮዋ ፊት ላይ የወረደውን እንባ እያየች ማዘን ይኑርባት አይኑርባት አላወቀችም። ደረቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተዘጋ የመሰላት በር፣ ገርበብ ብሎ ተከፍቶ በነፋሱ ይማታ ጀመር።

* * *

ወይዘሮዋን ወደ ባሪ እንዲመለሱ ሌቼ ጣቢያ አደረሰቻቸው። አውርዳቸው፣ ፊቷን አዙራ ሄደች። የከተማውን ግንብ አንድ ጊዜ ዞረች፤ ራሷን ጣቢያው ፊት አገኘችው። ፓንታሌዮ ባዶ ባጃጁን በዝግታ እየነዳ በአጠገቧ ሲያልፍ አያት።

«ምን ትዞሪያለሽ? ነዳጁን ልታነድጂው ነው?»

«ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም።»

«ታዲያ ከመዞር ይልቅ ቆመሽ ጠብቂው» አለና ጥሏት ሄደ።

ከባሪ አንድ ባቡር ገባ። ተማሪዎች፣ የባሕር ጃንጥላ የተሸከሙ ቤተሰቦች፣ መነኩሲት ወረዱ። እሱ የለበትም። ወይዘሮ ኦታቪያም የሚመልሳቸውን ባቡር አልተሳፈሩም፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አግዳሚ ወንበር በሁለት ጫፍ ተቀመጡ። ኮንሲሊያ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ሌላ ባቡር ገባ። የለም። ቢመጣስ ምን ትለዋለች? ባይመጣስ ነገ ጠዋት ናፖሊ በር ሥር እንዴት ትቆማለች? ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ሐዲዱ ቀይ ሆነ።

የሦስተኛው ባቡር በር ሲከፈት አንድ ሰው ገና ሳይቆም ዘለለ። የሥራ ልብስ ለብሷል፤ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ የድንጋይ ዱቄት ነው። ሻንጣ የለውም። ዙሪያውን አየ፣ አያት፤ በዚያው ቆመ።

ተጠግቶ ሲመጣ እናቱን አላየም፣ ወይም እንዳላየ አለፋቸው። ወይዘሮዋ ሊነሱ ግማሽ ተነስተው ነበር፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ይህን ያየችው ኮንሲሊያ ናት። ምን እንደነካት አታውቅም።

«መጀመሪያ እናትህን ሰላም በል» አለችው።

«እሷን?»

«እሳቸውን። ቀኑን ሙሉ በዚህ ነፋስ ተንገላተዋል። እኔም በርሃ ላይ ጥያቸው ሄጄ ነበር።»

አሜዴዮ ዞረ። ለብዙ ጊዜ እናቱን አያቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳመ። ወይዘሮዋ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያን ጊዜ ብቻ ወደ ኮንሲሊያ ተመለሰ።

«ስልኩን ዘጋህባቸው» አለችው። ከምታስበው ሺህ ነገር መሃል አፏ ያወጣው ይህን ነው።

«አልዘጋሁም። መወጣጫው ላይ ነበርኩ። እናቴ ከጎኔ ናት ስትለኝ ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ከጣሪያ እስከ መሬት።»

«ተሰበረ?»

«ዱቄት ሆነ።»

ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና በሁለት እጇ ደረቱን ገፋችው። ዱቄቱ ቦነነ።

«አመንካት! ባሪ ድረስ መጥተህ፣ ሻንጣ ይዘህ ጣቢያ ቆመህ፣ አንድ ባቡር መሳፈር አቃተህ! ሦስት ዓመት፣ አሜዴዮ! አግብታ እንደሆነ በዓይኔ ልይ አትልም?»

«ካገባሽ ማየት አልችልም ነበር።»

«እና እስከዛሬ ስታየኝ ኖርክ?»

«በሐሳቤ፣ በየቀኑ» አለ። «ኮንሲሊያ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንቺን የማይወድ ሰው የለም። እኔ ከድንጋይ ጋር የማወራ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ትሰለቸኛለች እያልኩ ነበር አብሬሽ የኖርኩት። እናቴ ስትነግረኝ አዲስ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። አንቺስ? አንቺም እኮ አመንሽ።»

እጆቿ ደረቱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። መልሱን ታውቀዋለች፤ ለማንም፣ ለእናቷም ተናግራው አታውቅም።

«ቤታችሁ ፒያኖ አለ ስትለኝ ጊዜ ነው ያመንኩት» አለች ቀስ ብላ። «ገና ከመጀመሪያው። ፒያኖ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ ባጃጅ ነጂ አያገባም አልኩ። ያን ስልክ ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር መሰለኝ።»

«ማንም አይጫወተውም እኮ። ድስት ማስቀመጫ ነው።»

ከአግዳሚው ወንበር ላይ ወይዘሮ ኦታቪያ ባልተጠበቀ ሁኔታ «እውነቱን ነው» አሉ።

ኮንሲሊያ አሁን ሳቀች። አጭር ሳቅ አልነበረም። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፣ አሜዴዮ በአውራ ጣቱ ሊጠርገው ሲሞክር ጉንጯን በድንጋይ ዱቄት ለወሰው።

«አልማርኩህም» አለችው። «እንዳይመስልህ።»

«አይመስለኝም።»

ወደ ባሪ የሚመለሰው ባቡር ሊነሳ ነው ተብሎ ተነገረ። እሱ ዞሮም አላየው። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ተነሳ፣ የመድረኩ ወለል ተንቀጥቅጦ ጸጥ አለ። ኮንሲሊያ በመጀመሪያ ያልገባት አንድ ነገር ተሰማት፤ ቆይታ አወቀችው። ርቧታል። እንደ ልጅ፣ አንጀቷ እስኪጮህ ርቧታል። እንዲህ የራባት መቼ እንደነበር አታስታውስም።

«እናቴ ዛሬ ሽንብራ በፓስታ ሠርታለች» አለች። «ሦስታችንንም ይበቃናል። አንተን ስታይ ግን ትሰድብሃለች።»

«ትስደበኝ።»

«ረጅም ስድብ ነው። አያቶችህ ድረስ ይሄዳል።»

«ጊዜ አለኝ» አለ አሜዴዮ፤ የእናቱን ቦርሳ በአንድ እጁ፣ የኮንሲሊያን እጅ በሌላው ይዞ። እሷም አላስለቀቀችውም።